የአይቆሜ የክረምት ትምህርት ቤት

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ አይቆሜ ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ሹፌር ጓደኞቹ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ ሲነዳ፣ አንዴ ጭነቱን ጭኖ ሞተሩን ካስነሳ፣ መድረሻው ላይ ካልሆነ በቀር አይቆምም ነበር። ሌሎቹ ቁጭ ብለው ምሳ ሲበሉ እሱ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ዳቦውን ይገምጣል። ሌሎቹ ሻይ ሲያዝዙ እሱ አልፏቸው ሄዷል። "ከሁሉ ቀድሞ የገባው እሱ ነው" ሲባል ከመስማት የበለጠ ደስታ አያውቅም። ጡረታ ወጥቶም አመሉ አልለቀቀውም። ሱቅ ሄደህ ሳሙና ግዛልኝ ብዬ ብልከው እያለከለከ ይመለስና "ቶሎ አልመጣሁም?" ይለኛል። ኧረ ምን አገባኝ! እኔ የፈለግኩት ሳሙናውን ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚያመጣው ያላልኩትን ሳሙና ነው።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከእሱ ጋር ነው የምኖረው። ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ የሰፈሩን ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እሱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ይተቸኛል። "የኔ መኪና አገር ለአገር ሲዞር ኖረ፤ ያንቺ መኪና ባለበት ቆሞ ይጮሃል" ይለኛል። "ያንተማ ተሽጦ ሌላ ሰው ይነዳዋል፤ የኔ ይኸው እስከዛሬ ያበላሃል" እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን በሰላም እንኖራለን።

ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ሴት ልጁ ልጇን ይዛ መጣችብን። የወንድሜ ልጅ ነርስ ናት፤ ከእኛ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ትሠራለች። አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ማታ ትገባለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ቆይቷል። ልጇ ስምንት ዓመቷ ነው። ጉንጯ ሙሉ ስለሆነ ሁላችንም ድንቡሼ ነው የምንላት፤ እሷም ሌላ ስም ያላት አይመስላትም። ድንቡሼ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች ይባላል እንጂ ማንበብ አትችልም ነበር። ፊደሉን አንድ በአንድ ብትጠይቋት ትነግራችኋለች። ተሰልፎ ቃል ሲሆንባት ግን ትጠፋለች።

እናትየው ሻይዋን ሳትነካ ነው የተናገረችው። "አባዬ፣ ክረምቱን እናንተ ጋ ትቆይልኝ። ማታ ሥራ ስገባ ጎረቤት ጋ ማሳደሩ ሰለቸኝ። ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እዚህ ትማራለች፣ ወይ የአባቷ እህት ጋ እልካታለሁ። እሷ አስተማሪ ናት። ስጪኝና ላስተምራት ብላኛለች።"

የአባቷ እህት የምትኖረው የት መሰላችሁ? አገሩ የሚያልቅበት ጋ ነው። እዚያ ሄደች ማለት በዓመት አንዴ በስልክ "እንዴት ነሽ" ማለት ነው።

"ምን ማለትሽ ነው! እዚህ ትማር እንጂ!" አለ ወንድሜ።

"ማንበብ ከቻለች እዚህ ትማር። ትምህርት ሊከፈት ሲል እመጣለሁ፤ ፊቴ አንድ ገጽ ታነብልኛለች። ካነበበች ትቆያለች። ካላነበበች አክስቷ ጋ ትሄዳለች። አትቀየመኝ አባዬ፤ የልጅ ነገር ሆኖብኝ ነው።"

ወንድሜ ድንቡሼን ነበር የሚያየው። እሷ የስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጣ የወደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በየቀለሙ ትለያለች። ምን እያሰበ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። የገዛ ልጁ በዚያ ዕድሜ ሳለች እሱ መንገድ ላይ ነበር። ሲመጣ ይተኛል፣ ይታጠባል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። ልጅቷ አንድ ቀን እኔን "እትዬ፣ ያ ሰውዬ ዛሬ ይመጣል?" ብላኝ ታውቃለች። ካደገችም በኋላ ስልክ የምትደውለው ለእኔ ነው፤ መጨረሻ ላይ "አባዬን ሰላም በይልኝ" ትላለች። ወንድሜ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተንፍሶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ፊቱ ላይ አየሁት። ድንቡሼን ለራሱ ፈልጓታል፤ በጣም ፈልጓታል።

በማግስቱ እናትየው እንደሄደች ያረጀውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አወረደ። ጀርባውን ገለበጠ። ማስመሪያ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፋበት። ምሳ አልበላም አለ። መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ጠራኝ።

ከላይ በትልቁ "መነሻ" ይላል፤ ከታች "መድረሻ"። በመሀል ክረምቱ በሙሉ በመስመር ተከፋፍሏል። ጠዋት ከሁሉ በፊት "ምርመራ" አለ፤ ጥርስ፣ ጥፍር፣ ጆሮ። ጎማና ዘይት እንደማየት መሆኑ ነው። ከዚያ "ሞተር ማሞቅ"፤ ግቢ ውስጥ ገመድ ዝላይ። ከዚያ "የመጀመሪያው ጉዞ"፤ ንባብ። "ሁለተኛው ጉዞ"፤ ሂሳብ። ከሰዓት በኋላ "ማረፊያ" ይላል፤ ጨዋታው እዚያ ነው። አንድ ቀን ብስክሌት መንዳት፣ አንድ ቀን ባዶ ቆርቆሮ ላይ ባቄላ መዝራት፣ አንድ ቀን ከሳጥን እንጨት የጭነት መኪና መሥራት፣ አንድ ቀን በጠመኔ ግቢውን ሥዕል በሥዕል ማድረግ፣ አንድ ቀን ከወረቀት በራሪ ሠርቶ ማስነሳት።

"ወንድም ጋሼ፣ ልጅቷን ልታስተምራት ነው ወይስ ወደብ ልታደርሳት?" አልኩት።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ እቴ። ዕቅድ የሌለው ሹፌር መንገድ ዳር ያድራል።"

ሐቁን ልናገርና፣ ጨዋታው ላይ ተክኖበታል። ብስክሌቷን ከኋላ ይዞ ሲሮጥ ያ ሁሉ ሽበት የት እንደሄደ እንጃ። የሳጥን እንጨቱን መኪና ሲሠሩ ፍሬን ካልኖረው አይሆንም ብሎ ሙሉ ቀን ፈጀበት። ባቄላውማ ጉድ ነው! ድንቡሼ በየጠዋቱ በጣቷ አፈሩን ቆፍራ በቅሎ እንደሆነ ታያለች፤ እሱ ደግሞ ከኋላዋ ቆሞ "ምን ነካው ይሄ፣ ዘገየ እኮ!" እያለ ባቄላውን ይቆጣዋል። ሁለቱም አንድ ናቸው። ሳቄን አፍኜ ስፌቴን እሰፋለሁ።

ንባቡ ላይ ነው ነገሩ። ከትምህርት ቤት የሰጧትን የንባብ መጽሐፍ በየቀኑ ስንት ገጽ እንደሚያስኬዳት ወስኗል። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እሱ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ በዚያ የሹፌር ድምፁ "ፍየሏ ወደ ወንዝ ወረደች!" ይላል። ድንቡሼ "ፍየሏ ወደ ወንዝ ወረደች!" ትላለች። ጣቱ ወደ ታች ይወርዳል። "ውሃ ጠጥታ ተመለሰች!" "ውሃ ጠጥታ ተመለሰች!" ገጹ ያልቃል፤ ግድግዳው ላይ ሄዶ በቀይ ይሰርዛል። ትንሽ እንደቆዩ ካሰበው በላይ እየሄዱለት መጡ። የልብ ልብ ተሰማው። ገጽ ጨመረ። ገና ክረምቱ ሳይጋመስ መጽሐፉን ጨረሱት።

ያን ቀን ልጁ ጋ ደወለ። እሱ! ስልክ ማንሳት የማይወደው ሰውዬ!

"ልጅሽ ደርሳለች! ከጊዜው በፊት ገባች! መጽሐፉ አለቀ!"

ከወዲያ "እውነት አባዬ? እውነትህን ነው?" ስትል እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። ድምፅዋ እንዲያ ደስ ብሎት ለእሱ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም። ስልኩን ከዘጋ በኋላም ዝም ብሎ ይዞት ቆመ። ከዚያ "ኳስ ልግዛላት" ብሎ እየሮጠ ወጣ።

እሱ ሱቅ እያለ ነው ድንቡሼ መጽሐፏን ይዛ እኔ ጋ የመጣችው። "እትዬ፣ ላንብብልሽ?"

"አንብቢልኝ እንጂ የኔ ቆንጆ።"

ስለ ፍየሏ የሚለውን ገጽ ጀመረችልኝ። ምን አለፋችሁ፣ ውሃ ነው! አንድ ቦታ እንኳ አልተደናቀፈችም። የሱሪውን እግር አጥፌ ቀና ስል መጽሐፉን አየሁት። የገለጠችው ገጽ ላይ ሁለት ሰዎች ጀልባ ይቀዝፋሉ። ፍየል የሚባል ነገር የለም።

"ድንቡሼዬ፣ ፍየሏ የታለች?"

ሥዕሉን አየችው። እኔን አየችኝ። ደግማ ሥዕሉን አየችው። "ጀልባው ውስጥ ተኝታለች" አለችኝ።

መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳሁ። ከዚያ መርፌዬን አስቀምጬ አንድ ቃል አሳየኋት። "ይቺ ምንድናት?" ጠበቅኋት። "ፍየል?" አለች። "ጀልባ" ነበር የሚለው።

"ድንቡሼ፣ ማንበቡን አልቻልሽም እንዴ?"

አጎነበሰች። "አባባ እኮ ነው የሚቀድመኝ። ፊደሉን ላየው ስል እሱ ይለዋል። ከዚያ ጆሮዬ ይይዘዋል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?"

"ደስ ብሎት ነበራ!"

አንጀቴን በላችው። አንድ ፍሬ ልጅ፣ አያቷ እንዳይከፋው ብላ መጽሐፍ ሙሉ ሸምድዳ ቁጭ ብላለች!

ወንድሜ ኳሱን ይዞ ሲገባ ጓዳ ጠራሁትና ነገርኩት። እንደፈራሁት ጦፈ። "አንቺ መቼ የኔ ነገር ጥሞሽ ያውቃል! ምቀኛ!" አለኝ። ሲበርድለት ሳሎን ሄደና ድንቡሼን አስቀመጣት። መሀል ላይ አንድ ገጽ ገለጠ። ሥዕሉን በመዳፉ ሸፈነ። "አንብቢ" አላት።

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ አየሁ። የልጅቷ ዓይን መጽሐፉ ላይ አልነበረም። አፉ ላይ ነበር። አፉ እስኪንቀሳቀስ ትጠብቃለች። ወንድሜም አየው። መዳፉን ከሥዕሉ ላይ አነሳና "በይ ሂጂ ኳስሽን ተጫወቺ" አላት።

ግቢ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሻይ ይዤለት ወጣሁ። "ደርሳለች ብዬ ደወልኩላት እኮ" አለኝ።

"ደውልና አልደረሰችም በላት።"

"ነገ እደውላለሁ።"

ነገ ሲመጣ አልደወለም። ከነገ ወዲያም አልደወለም። አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ ሳያየኝ፣ "መጽሐፉን እኮ ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ታውቀዋለች። እናቷ ስትመጣ እሱን ከፍታ ብትሰጣት..." አለና ተወው።

"ብትሰጣትስ?"

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ጥሩ" አልኩት። ነገር ግን እኔም ልጅቷ እንድትሄድብን አልፈልግማ! ክፉ ሐሳብ መሆኑን እያወቅኩ ሐሳቡ እኔንም ትንሽ ጎበኘኝ።

ዕቅዱን ከግድግዳው አነሳው። ወረቀቱ ጠንካራ ስለነበር የሸሚዝ ኮሌታ ልክ ቆረጥኩበት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ምን እንደሚያደርጋት ግራ ገባው። መጽሐፉን መክፈት አስጠላው። ቤት ቁጭ ብላ ከምትፈዝ ብሎ ይዟት መውጣት ጀመረ፤ የሚሄዱትም ወዳጁ ጎሚስታው ጋ ነው።

የጎሚስታው ሱቅ ከእኛ ቤት በታች፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ነው። በር ላይ አሮጌ ጎማ ደርድሮ መቀመጫ አድርጎታል። ከተማውን አቋርጦ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሁሉ በዚያ ዳገት ነው የሚወጣው፤ ጭነት ካለው እያቃሰተ፣ ከሰው እርምጃ ባልበለጠ ፍጥነት። ወንድሜ እዚያ ተቀምጦ የየሹፌሩን ማርሽ አቀያየር ይተቻል። ድንቡሼ ደግሞ የየመኪናውን ኋላ ታያለች። ጽሑፍ አለዋ! አንድ ቀን እንዲህ አለችው፤ "አባባ፣ ያ ምን ይላል?"

የዚያን ዕለት ሊወጡ ሲሉ በር ላይ አስጠንቅቄው ነበር። "ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ልጅቷን ቀድመህ አፍህን እንዳትከፍት! እምቢ ካልክ መርፌና ክሩ እዚሁ ነው።" ስለዚህ ስትጠይቀው አፉን በመዳፉ ያዘ። እውነቴን ነው፤ ጎሚስታው ነው የነገረኝ፤ ጥርሱን ያመመው መስሎት ነበር።

እሱ ዝም ሲላት ድንቡሼ ወደ መኪናው ዞረች። "ር... ቀ..." መኪናው አለፈ። "ሄደብኝ!"

"ሌላ ይመጣል" አላት።

ሌላ መጣ። "ር... ቀ... ት..." እሱም ሄደባት። በየቀኑ እየሄዱ በየቀኑ እዚያ ጎማ ላይ ይቀመጣሉ። "ርቀትዎን ይጠብቁ" የሚለውን ጨርሳ ያነበበች ቀን ጎሚስታው ፓምፑን ጥሎ አጨበጨበ ይባላል። ወንድሜ ቤት ሲመጣ "አንዲት ፊደል አላቀበልኳትም" አለኝ፤ አገር እንዳቀና ሰው ደረቱን ነፍቶ።

እኔ በዓይኔ ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። የጎሚስታውን ሱሪ አሳጥሬ ላደርስለት ወርጄ ነበር። ነዳጅ የጫነ መኪና እያጓራ ዳገቱን ይወጣል። ድንቡሼ ተነሥታ ቆመች። "ተ... ቀ... ጣ..." ረዥም ቃል ነው፤ መኪናው ሊያልፋት ሆነ። "ጣ..." ፊቷ ተለዋወጠ፤ ልታለቅስ ደረሰች።

ወንድሜ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ተነሣ። መንገዱ ውስጥ ገባ። የሹፌሩን በር በመዳፉ ይደበድበው ጀመር። "ቁም! ቁም እልሃለሁ!"

ሹፌሩ ድሮ የእሱ ረዳት የነበረ ሰው ሆኖ ተገኘ። በድንጋጤ ፍሬን ያዘ። "ምን ተፈጠረ ጋሼ? ጎማ ነው? እየፈሰሰ ነው?"

"ምንም አልተፈጠረም። ልጅቷ አልጨረሰችም።"

"ምኑን?"

"ቃሉን!"

ጎሚስታው ሮጦ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። ከኋላ የቆሙት መኪኖች ጡሩምባቸውን አቀለጡት። አንዱ አንገቱን አውጥቶ ይሳደባል። ድንቡሼ ግን ምንም አልመሰላትም፤ ቀስ ብላ መኪናው ጀርባ ሄደች፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ አንጋጠጠች። "ተ... ቀ... ጣ... ጣ... ይ። ተቀ-ጣ-ጣይ። ተቀጣጣይ!" ከዚያ ዞር ብላ "ጨረስኩ አባባ!" አለች።

"ሂድ በቃ" አለው ወንድሜ ሹፌሩን።

"እርስዎ ነዎት መኪና የሚያስቆሙት? ይሄን ለጓደኞቻችን ባወራ ማን ያምነኛል?" አለና እየሳቀ ማርሹን አስገባ። እኔም የጎሚስታውን ሱሪ እንደታቀፍኩ ቆሜ ስስቅ እንባዬ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያልተነበበ ነገር ቤታችን ውስጥ አልቀረም። የሳሙና መጠቅለያ፣ የክር ጥቅል፣ የፋርማሲው በር፣ ደጅ የወደቀ የማስታወቂያ ወረቀት። ወንድሜ አጠገቧ ይቀመጥና የክብሪት እንጨት ጥርሱ መሀል ይከታል። ሊቀድማት ሲያምረው ያን ይነክሳል። አንድ ፓኮ ክብሪት ጨርሶብኝ ምድጃ የምለኩስበት አጣሁ። ቀላል አልነበረም። ልጅቷ አንዳንዴ የትናንቱን ዛሬ ትረሳዋለች። አንዳንዴ መጽሐፉን ወርውራ "አልችልም!" ትላለች። "እሺ፣ ባቄላውን እንይ" ይላታል፤ ያ ሰውዬ! ባቄላውም መብቀሉ አልቀረም፤ ደረጃው ላይ በተወጠረለት ክር ተጠምጥሞ ወጥቷል።

ክረምቱ ሲያልቅ ድንቡሼ ታነባለች። ግን ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ። አንድ ሙሉ ገጽ ሳትሰለች ትወጣዋለች ወይ ብትሉኝ፣ እኔ እንጃ ነበር መልሴ። ወንድሜም ጠይቄው "እኔ እንጃ እቴ" ነው ያለኝ። ለልጁ ግን አሁንም አልደወለላትም።

እናትየው እንዳለችው መጣች። ማታውኑ በመጨረሻው አውቶቡስ መመለስ ነበረባት። ድንቡሼ እጇን እየጎተተች ባቄላውን አሳየቻት፣ ብስክሌት ነድታ አሳየቻት፣ የእንጨት መኪናዋን ፍሬን ሳይቀር አስነካቻት። እናትየው ሳቀች። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና "እስቲ መጽሐፍሽን አምጪልኝ፤ የጨረስሽውን" አለች።

መቀሴን አስቀመጥኩ። ድንቡሼ መጽሐፉን አመጣች። እናትየው እንደዋዛ ገለጠችው፤ የፍየሏ ገጽ ላይ። ልጅቷ እኔን አየችኝ፣ አያቷን አየችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ የምታውቀው ገጽ ነው። ወንድሜ ዝም ቢል አለቀ፤ ልጅቷ የእኛ ናት። እኔም እግዜር ይየኝና፣ ዝም በል እያልኩ በሆዴ ስለምነው ነበር።

"ቆይ" አለ።

መጽሐፉን ከእጇ ወሰደ። "ይሄን በቃሏ ነው የምታውቀው። ያስሸመደድኳት እኔ ነኝ። ደርሳለች ስልሽ እውነት መስሎኝ ነበር፤ እንዳልደረሰች ካወቅኩ በኋላ ግን ደውዬ መንገር አቃተኝ። አይታው የማታውቀውን ነገር ስጫት።"

የእናትየው ፊት ጠቆረ። "እና አትችልም ማለት ነው?"

"ትችላለች። ቀስ ብላ ነው።"

ቦርሳዋን ከፈተች። ከምትሠራበት ክሊኒክ ለወላጆች የሚታደል የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ለልጇ ሰጠቻት። እኔ ወንድሜን አየሁት። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

ድንቡሼ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። "ሕ... ፃ... ናት። ሕፃናት።" ተነፈሰች። "በ... ወ... ቅ... ቱ። በወቅቱ።" ጣቷ ወደ ቀጣዩ ቃል ሄደ። "ክ..." ቆመች። "ክ... ት..." ቆመች።

የግቢው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ልጅቷ ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ ራሴ ቃሉን ልተፋላት ምንም አልቀረኝም። እናትየው ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ አፏን ከፈተች።

"ተይ" አለ ወንድሜ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። "አትቅደሚያት። ትደርስበታለች።"

እናትየው ዞር ብላ አየችው። እሱ እሷን አላያትም፤ ሰዓትም አላየም። የልጅቷን ጣት ብቻ ነው የሚያየው። ግንባሩ ላብ አውጥቷል። አሁንም ጠበቀ። እንዲያ ሲጠብቅ አይቼው አላውቅም፤ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ እንኳ ቆሞ የማይጨርስ ሰው ነው። ድንቡሼ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አፉ ቀና አላለችም።

"ክ... ት... ባ... ት። ክትባት!" ጮኸች። "እንዴ! እኔም እኮ ተከትቤያለሁ!"

እኔ "እሰይ የኔ ልጅ!" አልኩ። እናትየው ግን አልሳቀችም። አሁንም አባቷን ነው የምታየው።

"አባዬ" አለችው። "እኔ ጫማዬን አስሬ እስክጨርስ እንኳ ጠብቀኸኝ አታውቅም። ውጭ ሆነህ ጡሩምባ ትነፋብኝ ነበር። አንዱን ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር የምሮጠው።"

"አስታውሳለሁ" አለ።

"ይሄን ታዲያ ከየት አመጣኸው?"

"ከሷ ነው የተማርኩት።" ድንቡሼን በአገጩ አመለከታት። "ላንቺ ዘገየሁብሽ።"

ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዘገየሁ ብሎ አያውቅም። እናትየው እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና "ቀጥይ የኔ እናት፤ እስከ መጨረሻው" አለቻት ልጇን።

ድንቡሼ ቀጠለች። አንዱን ቃል ተጋፍጣ፣ አንዱን ዘላ ተመልሳ፣ መሀል ላይ "ውሃ ጠማኝ" ብላ ጠጥታ፣ ገጹን ጨረሰችው። ስትጨርስ አውቶቡሱ ሄዷል። ሻይ አፍልቼ አቀረብኩ።

"እዚህ ትማር" አለች እናትየው፤ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ። "ለአክስቷ እኔው ደውዬ እነግራታለሁ። እኔም ሥራ በማልገባበት ሰሞን እየመጣሁ ሁለት ሦስት ቀን አድራለሁ።"

"ጥሩ ነው" አለ ወንድሜ፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ። "ልጅሽን ታያለሽ።"

"አንተንም" አለችው።

ወንድሜ ዞር ዞር አለና የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሣ። "ሻይ ልጨምርልሽ?" አላት። ብርጭቆዋ ሙሉ ነበር፤ ገና አልቀመሰችውም። እሷም አየት አደረገችውና "ጨምርልኝ አባዬ" አለችው።